«እርጉዝ ነሽ፣ ቤትሽ እረፊ» ተባልኩ፤ የጽሑፍ ውልም የለኝም። ምን መብት አለኝ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሬስቶራንት ካሸር ሆኜ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሠርቻለሁ። ደመወዜ በወር 9,000 ብር ነው፣ በባንክ ነው የሚገባልኝ። የጽሑፍ ውል ግን ተሰጥቶኝ አያውቅም። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ባለፈው ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና ‹መቆሙ ይከብድሻል፣ ከነገ ጀምሮ ቤትሽ እረፊ፣ ከወለድሽ በኋላ እናያለን› አለኝ። ረቡዕ ደግሞ ከቢሮ ደውለው ‹የአንድ ወር ደመወዝ እንሰጥሻለን፣ በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ወረቀት መጥተሽ ፈርሚ› አሉኝ። ካልፈረምኩ የሥራ ልምድም እንደማይሰጡኝ ነግረውኛል። የባለቤቴ አክስት ‹ወረቀት የሌለው ሰው ማንን ይከሳል? የሰጡሽን ተቀበይ› ይላሉ። በዚህ ላይ አከራያችን ከሚቀጥለው ወር ኪራይ ጨምሩ ብሎናል። እባክዎ ይምከሩኝ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያን ወረቀት አትፈርሚ። ሌላውን ተረጋግተን እናየዋለን። ይሄኛው ግን አንዴ ከተፈረመ ለመመለስ በጣም ከባድ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደምል በብር ላሳይሽ። የሚጠይቁሽ ፊርማ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ነው። ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ ካሳ የለውም። የሥራ ስንብት ክፍያም ቢሆን በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው። አንቺ ገና ሁለት ዓመት ከአራት ወርሽ ነው። ስለዚህ በዚያች ፊርማ 9,000 ብር ትወስጃለሽ፣ በሩ ይዘጋል።

አሁን ደግሞ ካልፈረምሽና ስንብቱ ሕገወጥ መሆኑ በፍርድ ቤት ከተረጋገጠ እናስላ። የቀን ደመወዝሽ 300 ብር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 43 የሚሰጠው ካሳ የቀን ደመወዝ በ180 ተባዝቶ ነው፤ 54,000 ብር። በዚህ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ አለ። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ ሰው የማስጠንቀቂያ ጊዜው ሁለት ወር ነው፤ 18,000 ብር። ከዚያ የሥራ ስንብት ክፍያው ይመጣል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 9,000 ብር። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ለሁለተኛው ዓመት 3,000፣ ለቀሩት አራት ወራት 1,000። በድምሩ 13,000 ብር። ሦስቱን ስትደምሪያቸው 85,000 ብር ይሆናል። ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድ ካለ እሱም ወደ ገንዘብ ተለውጦ ይከፈልሻል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ይህ ስሌት የሚሠራው በመደበኛ ደመወዝ ነው። ከደንበኛ የሚገኝ ጉርሻ ወይም ሰርቪስ ቻርጅ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ቦነስ በሕጉ ደመወዝ ውስጥ አይቆጠሩም። በሬስቶራንት ሥራ ብዙ ሰው በወር እጁ የሚገባውን ሁሉ ደምሮ ያሰላና በኋላ ቅር ይለዋል።

እንግዲህ የባለቤትሽ አክስት ያሉትን ነገር እንየው። እሳቸውን አልወቅስም፣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው እንደዚያ ነው። ሕጉ ግን ሌላ ነው የሚለው። የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ በቃልም ይመሠረታል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። አለመስጠቱ የእሱ ጥፋት እንጂ የአንቺ አይደለም፤ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። እንዲያውም ወረቀት አለመኖሩ አንዳንዴ ለሠራተኛው ይጠቅማል። ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚገመተው። የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ ካልተደረገ አይታወቅም። ስለዚህ «ኮንትራቷ አልቋል» ወይም «ገና ሙከራ ላይ ነበረች» ማለት ለእነሱ ቀላል አይሆንም።

ወደ እርግዝናው እንምጣ። እዚህ ላይ ሕጉ ጠንካራ ነው። እርግዝና ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አንቀጽ 26 በግልጽ ይናገራል። አንቀጽ 87 ደግሞ ከዚያ አልፎ ይሄዳል፦ አሠሪ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ከሥራ ማሰናበት አይችልም። የተለየ ሁኔታ የለም ማለት አይደለም። ለምሳሌ ነፍሰ ጡር ብትሆንም ከካዝና ገንዘብ የሰረቀች ሠራተኛ ትሰናበታለች። ግን ምክንያቱ ከእርግዝናው ጋር የማይያያዝ መሆን አለበት። አንቺን ያሰናበቱሽ «መቆሙ ይከብድሻል» ብለው ነው። ምክንያቱን በራሳቸው አፍ ተናግረውታል።

ደግሞስ ሥራው ከብዶ ቢሆን? ሕጉ ለዚህም መልስ አለው፣ መልሱም ስንብት አይደለም። ሥራው ለጤናዋ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ ትዛወራለች። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ እንድትሠራ አይደረግም። ትርፍ ሰዓትም አትሠራም። ለእርግዝና ክትትል ሐኪም ጋ የምትሄድበት ጊዜ፣ የሐኪም ማስረጃ እስካመጣች ድረስ፣ ደመወዝ ይከፈልበታል። ለካሸር ደግሞ መፍትሔው እንዲያው አንድ ወንበር ነው። ይህን ዳኛ ፊት ማስረዳት አይከብድም።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ነገር ልንገርሽ። ሰኞ በቃል «እረፊ» አሉሽ። በጽሑፍ የሰጡሽ ነገር የለም። አንቺም አምነሽ ቤት ተቀመጥሽ። አሠሪዎች በቃል ሲያሰናብቱ ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው ምን መሰለሽ? «ያለፈቃድ ከሥራ ቀረች» የሚል ደብዳቤ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። ከዚያ ፍርድ ቤት ስትሄጂ «እኛ አላሰናበትናትም፣ ራሷ ናት የቀረችው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሕጉ ከሥራ በመቅረት ለማሰናበት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን መቅረትና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት አሠሪም ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ግን «ቀረች» እና «አባረሩኝ» በሚል ክርክር ውስጥ መግባት ነገሩን ያጓትተዋል። ከመጀመሪያው ብትዘጊው ይሻላል።

ስለዚህ ነገ በመደበኛ ሰዓትሽ ሥራ ቦታሽ ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፤ በኋላ ምስክር ሊሆን የሚችል ሰው ይኑር። ባለቤትሽ ሊሆን ይችላል፣ ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው ቢሆን ግን ምስክርነቱ ይጠነክራል። አትጨቃጨቂ። «ሥራዬን ልጀምር መጥቻለሁ» በይ። ካስገቡሽ ሥራሽን ሥሪ፣ እሰየው። ከመለሱሽ እዚያው እንደወጣሽ ለሥራ አስኪያጁ በቴሌግራም ወይም በስልክ መልእክት እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ሰኞ ዕለት እርጉዝ በመሆኔ ቤቴ እንዳርፍ በቃል ነግረውኛል። ዛሬ በሥራ ሰዓቴ መጥቼ እንዳልገባ ተከልክያለሁ። እኔ ሥራዬን አልለቀቅሁም፤ አሁንም ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ከሥራ ተሰናብቼ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ።» ይኸው ነው። ስድብ አይግባበት፣ ልመናም አይግባበት። ይህቺ አጭር መልእክት በኋላ መዝገቡ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ የምትበልጥ ልትሆን ትችላለች።

ማስረጃ ሌላም አለሽ። ደመወዝሽ በባንክ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ባንክ ሄደሽ የሁለት ዓመቱን ስቴትመንት አውጪ፣ የላኪው ስም የሚታይበት ይሁን። ጡረታ ይቆረጥልሽ ከነበረ (ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው) የተመዘገብሽበት ሰነድ ራሱ የሥራ ግንኙነቱን ያስረዳል። የሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ካለ ከግሩፑ ከማስወጣታቸው በፊት የፈረቃ ድልድሉን፣ ለአንቺ የተላኩ ትእዛዞችን ሁሉ ስክሪንሹት አድርጊ። መልእክቶቹንም አታጥፊ፤ ስክሪንሹት ብቻ ሲሆን «የተቀናበረ ነው» ይሉሻል። የሥራ መታወቂያ፣ ዩኒፎርም ለብሰሽ ካውንተሩ ላይ የተነሳሽው ፎቶ፣ በስምሽ የተፈረመ የዕለት ሒሳብ ርክክብ፣ ሁሉም ይጠቅማል። የእርግዝና ክትትል ካርድሽን ኮፒ አድርጊ። ከዚህ በፊት ለቢሮ ካልሰጠሽ ደግሞ አሁን ፎቶውን በመልእክት ላኪላቸው፤ «እርጉዝ መሆኗን አናውቅም ነበር» እንዳይሉ።

የሥራ ባልደረቦችሽ ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን እነሱም እንጀራቸው ነው፤ አትፍረጂባቸው። ከዚያ ቤት የለቀቀ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን ጠይቂ።

ጊዜው። በዚህ ነው ብዙ ሰው ጥሩ ጉዳይ ይዞ የሚሸነፈው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የገንዘብ ጥያቄዎች ማለትም ካሳ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት በስድስት ወር ይርጋ (ክስ ማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ) ይታገዳሉ። «ከወለድሽ በኋላ እናያለን» የሚለው ቃል የት እንደሚያደርስሽ አሁን ይታይሽ። ከአራት ወር በኋላ ወልደሽ፣ አራስ ቤት ወጥተሽ ስትጠይቂያቸው የመመለስ ጥያቄው ይርጋ ሆኗል፤ የገንዘቡም ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ነው የሚቀረው። እንደ ሕመም ያለ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካለ ፍርድ ቤት ዘግይቶ የመጣ ክስ ሊቀበል ይችላል፣ ግን በዚያ አትተማመኚ። ሆድሽ ሳይገፋ ክሱን አስገቢ።

የት? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። መሄዱ ክፋት የለውም። አሠሪውን ጠርተው ያነጋግራሉ፣ አንዳንዱ አሠሪ ደብዳቤ ሲደርሰው ብቻ ይለዝባል። አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢና ቁጥርና ቀን ያለበት ኮፒ ያዢ፤ የይርጋውን ጊዜ ለማቋረጥም ይጠቅማል። ነገር ግን የሚያስታርቅ ቢሮ እንደ ፍርድ ቤት «መልሳት፣ ይህን ያህል ክፈላት» ብሎ አያስገድድልሽም። ቀጠሮ ሲያበዙብሽ ወደ ፍርድ ቤት እለፊ። አዲስ አበባ ላይ ጉዳይሽን የሚያየው የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ የሥራ ክርክር የሚያይ ችሎት አለው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም። ይህን የማያውቅ ሰው ብዛቱ ይገርመኛል። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ይላል፣ በተግባር ሲረዝም ታዪዋለሽ።

ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ክስ የሚጽፍልሽ ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ነገር አረጋግጪ፦ ክሱ ላይ ዋናው ጥያቄ «ውዝፍ ደመወዝ ተከፍሎኝ ወደ ሥራ ልመለስ» የሚል ይሁን። «ይህ የማይሆን ከሆነ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያና የሥራ ስንብት ክፍያ ይከፈለኝ» የሚለው በአማራጭ ይጻፍ።

«እነሱ ጋ ተመልሼ መሥራት አልፈልግም» ልትዪኝ ትችያለሽ። ይገባኛል። ግን ተረጋግተሽ አስቢው። ከተመለስሽ የወሊድ ፈቃድሽ አለ፤ ከመውለድሽ በፊት 30 ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን፣ ሁሉም ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ይህ ብቻውን 36,000 ብር ነው። ከሥራ ውጭ ለቆየሽበት ጊዜ ውዝፍ ደመወዝ ይታሰባል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር፣ ይግባኝ ተብሎ ከጸና እስከ አንድ ዓመት። ከወለድሽ በኋላም እስከ አራት ወር ሊነኩሽ አይችሉም። በሌላ በኩል ስንብቱ በእርግዝና ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ ምርጫው የአንቺ ነው፤ መመለስ ካልፈለግሽ ካሳሽን ይዘሽ መውጣት ትችያለሽ። እኔ ብሆን ምርጫውን በእጄ አቆየዋለሁ። መጀመሪያ ካሳ ብቻ ጠይቀሽ ሦስት ወሩ ካለፈ ምርጫው የለም።

የሥራ ልምድ ማስረጃውን በተመለከተ ማስፈራሪያው ባዶ ነው። ሠራተኛ ሲለቅም ሆነ ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሠራበትን ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነትና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት አለበት። «ፈርሚና እንሰጥሻለን» የሚባል ቅድመ ሁኔታ ሕጉ ውስጥ የለም። ክስሽ ላይ አንድ መስመር ጨምሪበት፣ ፍርድ ቤት ያዝዝልሻል። የመጨረሻው ደመወዝሽና ሌላው ክፍያም ቢሆን ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል ነበረበት። ካዘገዩት ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት ሊያስከፍላቸው ይችላል። ይህንንም ጠይቂ፤ ያልተጠየቀ ነገር አይፈረድም።

አንድ ነገር ሊያነሱ ይችላሉ፦ «እሷ ሱፐርቫይዘር ነበረች፣ የሥራ መሪ ናት፣ ይህ አዋጅ አይመለከታትም» ማለት። ሬስቶራንቶች ማዕረግ አይቸግራቸውም። የሥራ መሪ የሚያሰኘው ስም ሳይሆን ሥልጣን ነው፤ ሰው መቅጠር፣ ማሰናበት፣ የድርጅቱን አሠራር መወሰን። ካሸር ይህ የለውም። (ይህን የምታነቡ በሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እህቶች ግን፣ አዋጅ 1156 እናንተን በቀጥታ አይሸፍንም፤ የእናንተ ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው።)

ባለቤትሽም ተቀጣሪ ከሆነ ስትወልጂ ሦስት ተከታታይ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለው። ትንሽ ናት፣ ግን ይጠይቃት።

አከራያችሁን በተመለከተ ባጭሩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አዲስ አበባ ላይ ይሠራል። አከራይ በፈለገው ወር ተነስቶ መጨመር አይችልም፤ ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው መሠረት ብቻ ነው። የኪራይ ውል ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የእናንተ ካልተመዘገበ ወረዳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ደመወዝ መቋረጡ ግን ኪራይ ላለመክፈል ምክንያት አይሆንም፤ ነባሩን ኪራይ በቀኑ ክፈሉ። ክፍያውም በእጅ ሳይሆን በአከራዩ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ ሕጉም የሚለው እንደዚያ ነው። ደረሰኙን ከአንቺ የደመወዝ ስቴትመንት ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪው።